በውሃ እንስራ ላይ የተሳለችው

አይሱዙው ከባምባሲ ከወጣ ጀምሮ ሾፌሩ ማንጎ እየጋጠ ነበር የሚነዳው። በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ፍሬውን ይዟል። ጭማቂው በክንዱ እየወረደ እጅጌው ውስጥ ይገባል፤ ልጣጩን በመስኮት ሲተፋው ንፋሱ መልሶ የኔ ቀሚስ ላይ ያሳርፈዋል። ከኋላችን የተጫነውም ማንጎ ነው፤ ከሥር ያለው በሙቀቱ ፈንድቶ የጠላ አተላ የመሰለ ሽታ ይሰዳል።  

"ቲቸር፣ አንዴ ልበለው?" አለችኝ ዐርዋ። በሾፌሩና በኔ መካከል ተጣብቃ ተቀምጣለች።

"በይው። ግን ዝግ እያልሽ።"

ዐይኗን ጨፍና ጀመረች። "ግሪክ የሚባል አገር ነበር። ከተማው አቴንስ ይባላል። በዚያ ከተማ የደህና ሰው ልጅ ሴት ከሆነች ትምህርት ቤት አትሄድም..."

ሾፌሩ የማንጎውን ፍሬ ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። "ታዲያ ምን ጎደለባት?"

ዐይኗን አልገለጠችም። እኔ ግን አፍጥጬ አየሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መንገዱን ማየት ጀመረ።

ጊዜው የሚሊኒየሙ ዓመት ነው፤ ግንቦት። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ "አዲስ ዘመን" ያልተጻፈበት ግድግዳ አልነበረም፤ ቀለሙን ያገኘ ሁሉ ይጽፋል። ለበዓሉ ተብሎ በክልሉ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ በተማሪ አዘጋጅተው አሶሳ አዳራሽ ውስጥ እንዲያቀርቡ ታዘዘ። እኔ ገላኔ ባምባሲ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። የኛን ትምህርት ቤት ዕጣ ዐርዋ ወሰደችው፤ ከአሥረኛ ክፍል፣ ከወንዶቹ ሁሉ ተመርጣ።

ርዕሷን የወለደው የመብራት መጥፋት ነው። በዚያ ዘመን ከፊታችን ፕላዝማ የሚባል ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ የማያየን የማይሰማን ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ያስተምርልን ነበር፤ እኛ አስተማሪዎቹ ደግሞ ከጎኑ ቆመን ሪሞት እንጠብቃለን። አንድ ቀን ሰውየው ስለ አቴንስ ዴሞክራሲ ሲያወድስ ቆይቶ፣ "ሴቶችን ሳይጨምር" ብሎ እንደ ቀላል ነገር አለፈ። መብራቱ ድርግም አለ። በጨለማው ክፍል ውስጥ አንድ እጅ ወጣ።

"ቲቸር፣ ሴቶቹስ የት ተማሩ?"

አላውቅም ነበር። ከአሶሳ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሥዕል ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ መጣሁና መዝገበ ቃላት ይዘን ቤቴ ውስጥ ስንፈተፍተው ከረምን። አብዛኛው የሚያበግን ነበር። የአቴንስ ልጃገረድ ከእናቷ ጓዳ ሱፍ መፍተልና ሸማ መሥራት ትማራለች፤ ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ አባቷን ለሚያክል ሰው ትዳራለች። ስፓርታ የሚባለው አገር ሴት ልጆቹን ሜዳ አውጥቶ ያስሮጣል፤ እሱም ጠንካራ ወታደር ይወልዱልናል ብሎ እንጂ ለነሱ አዝኖ አይደለም። ፊደል የቆጠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በመጨረሻ ግን አንድ ሥዕል አገኘን። ሦስት ጆሮ ያለው እንስራ ላይ፣ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጥቅልል መጽሐፍ ዘርግታ ታነባለች። ዐርዋ ገጹ ላይ ተደፍታ ቀረች። "ይኼ እንስራ ለምንድነው?" አለችኝ። አነበብኩላት፤ የውሃ ነው፣ ከምንጭ የሚቀዳበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሌላው ስጠይቃት እንኳ መልሷ ወደ እንስራው ይዞራል።

አሁን ስለ አባቷ ልንገራችሁ፤ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በሳቸው ላይ ነው። ባቢከር ይባላሉ፤ ከባምባሲ ወጣ ብሎ ማንጎ የሚያለሙና የሚነግዱ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ጉድፍ የማይታይ ሽማግሌ። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛን በገበያ ነው የለመዱት፤ ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" እያሉ ነው የሚያወሩት። ከወር በፊት ቤቴ ድረስ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብልም አልገቡም።

"ኡስታዛ፣" አሉኝ፣ መምህርት ማለታቸው ነው፣ "እኔ ትምህርት አይጠላም። ዓፊያን ታውቃለህ?"

ዓፊያ የዐርዋ ታላቅ እህት ናት። አንድ የተማረ ሰው፣ ስሙን መጥራት የሚያስጠላኝ፣ "አሶሳ ወስጄ ላስተምራት" ብሎ ከአባቷ ተቀበላት። ደብተር አላየችም። የሰውየውን ሳህን ስታጥብ፣ የእንግዳውን እጅ ስታስታጥብ ኖራ፣ በበረኪና የተላጠ መዳፍ ይዛ ተመለሰች።

"ትምህርት ብሎ ሄደ፣ ኢብሪቅ ይዞ ቀረ፣" አሉ። ኢብሪቅ የሚሉት የእጅ ማስታጠቢያውን ነው። "አሁን ዐርዋም አሶሳ ይግባ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ይማር ትላለህ። እሺ። ዐርዋ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር እኔ በጆሮዬ ይሰማል። ከሰማሁ መስከረም አሶሳ ይገባል። ኢብሪቅ ይዞ ካየሁት ግን፣ ወላሂ፣ ከቤቴ አይወጣም።"

ምን ብዬ ልከራከር? ተስማማሁ። እሳቸው ከዋዜማው ማንጎ ይዘው አሶሳ ገብተዋል፤ ከገበያ ሲጨርሱ አዳራሹ ሊመጡ ተቀጣጥረናል።

አዳራሹ በር ላይ የተቀበሉን አቶ ዲንሳ ናቸው፤ የዝግጅቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ደረታቸው ላይ የወረቀት አበባ ተሰክቷል። እንደኔው ከወለጋ ስለሆኑ ባዩኝ ቁጥር መዛመድ ይቃጣቸዋል።

"ገላኔ ኮ፣ የኔዋ! መጣሽልን!" እጄን ሁለት እጃቸው ውስጥ ከተው አሹት። መዳፋቸው ረጥቧል። "ትንሽ የፕሮግራም ሽግሽግ አድርገናል። ክቡር እንግዳው ከምሳ በኋላ ይሄዳሉ። ስለዚህ ምሳውንና ጽሑፉን ጎን ለጎን እናስኬደዋለን። ጊዜ እንቆጥባለን!"

"ሰው እየበላ ልታነብ?"

"እሷ አታነብም።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልወረደም። "ገመቺስን ታውቂው የለ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ድምፁ ራዲዮ ነው። አማርኛው ጥርት ያለ። የሷ ትንሽ... ይኮላተፋል፣ አይደል? ክቡር እንግዳው ፊት ልጅቷን ማሳቀቅ ነው የሚሆነው። ለሷ ብለን ነው።"

"ጽሑፉ የሷ ነው፣ አቶ ዲንሳ።"

"ስሟ እኮ ይጠራል! ደግሞ ሥራ አላጣችም፤ ከመስተንግዶ ልጆች ሁለቱ ቀሩብን። ቁመቷም ያምራል። የባህል ልብሱን ትልበስና ውሃ ታስታጥብልን።" ጠጋ ብለው ጨመሩ፤ የአፋቸው ሽታ የትናንት ሽንኩርት ነው። "መደምደሚያውንም በኮሚቴ ትንሽ አስተካክለነዋል። እንስራ ምናምን የሚለውን አወጣነው። ለበዓል አይሆንም።"

ስለ አባቷ ነገርኳቸው። ስለ ዓፊያም፣ ስለ ኢብሪቁም፤ በአደባባይ ልለምን የማልወደውን ያህል ለመንኩ። ከልባቸው ተገረሙ።

"አባትየው ቢያዩዋት ምን ክፋት አለው? ለክቡር እንግዳ ውሃ ማፍሰስ እኮ ክብር ነው! ልጅ አይደለች እንዴ?"

እዚህ ላይ ነገሩ ለማያውቅ ልናገር። በኛ አገር ለታላቅ ውሃ የሚያፈስ ታናሽ ነው። ይህን ማንም አይከራከርም፤ እኔም ለአባቴ ሳፈስ ነው ያደግሁት፤ ደስ ይለኝ ነበር። አቶ ዲንሳ ያችን የደግ ቤት ወግ ነው ወስደው ጅራፍ ያደረጓት። ልጅ ነሽና አፍስሺ። ሲያፈሱ ያደጉ እጆች አላፈስም ማለት አያውቁም፤ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። 

ዐርዋን አየኋት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ቲቸር፣ ግድ የለም፣" አለችኝ በሹክሹክታ። "አባ ገበያ ነው። ሳይመጣ ቶሎ ቶሎ አስታጥቤ እጨርሳለሁ። ከዚያ ልብሴን ቀይሬ ወደ ፊት እቀመጣለሁ። ስሜ ሲጠራ እነሳለሁ። ያን ያያል።"

ሄዳ የተሰጣትን ለበሰች። ፕላስቲክ ጆግና ሳህን ይዛ ስትወጣ፣ ትከሻዋ ላይ ነጭ ፎጣ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ጥብስ፣ ዱለትና ላብ ባንድነት ይሸታሉ። ጄኔሬተሩ ከደጅ ያጓራል። ፊት ለፊት በተደረደሩት ጠረጴዛዎች ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ለኛ ለሴት መምህራን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አግዳሚ ተዘርግቶልናል። ሳህን በወጣና በገባ ቁጥር የሚንቋቋውን በር በትከሻዬ እየያዝኩ ነው ያየሁት።

ዐርዋ ከአንዱ ወደ አንዱ እያለች ታፈሳለች። ሰዎቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩአትም፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ጣቶቻቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። አንዱ አፉን ተጉመጥምጦ ሳህኑ ላይ ተፋ፤ ምራቁ ከአረፋው ላይ ተንሳፈፈ፤ እሷ ሳህኑን እንደያዘች ቀጠለች። ሌላው፣ "ፈገግ በይ እንጂ፣ ቀብር ላይ ነን እንዴ?" አላት። በዚያው ገመቺስ ኮት ለብሶ ማይክራፎኑ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"የጥንታዊት ግሪክ ሴቶችና ትምህርት!" አለ።

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!" አለ አንዱ ከጠረጴዛው። ሳቁ። ዱለት ያለበት አፍ ተከፍቶ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን ብዙ አየሁ።

ልጁ ያነባል። ድምፁ በእውነት ራዲዮ ነው፤ እንደ ራዲዮም የሚለውን አይሰማም። "በአቴንስ ከተማ ወንዶች በግብዣ አዳራሽ ተሰብስበው እየበሉና እየጠጡ ስለ ጥበብ ሲወያዩ፣ ሚስቶቻቸውና ሴት ልጆቻቸው ከመካከላቸው አይገኙም ነበር። ወደ አዳራሹ የሚገቡት ሴቶች ሊያገለግሉና ሊያጫውቱ የመጡ ነበሩ..."

ዐርዋ በዚህ ጊዜ ክቡር እንግዳው ዘንድ ደርሳለች። ወፈር ያሉ፣ ገና ጎልማሳ ሰው ናቸው። እጃቸውን በሳሙና እያሹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ የጥንት ሰው!" አሉ ለጎረቤታቸው። "ምን ዓይነት ኋላቀርነት ነው በእግዜር!"

ጎረቤታቸውም ከልቡ አዘነ። ውሃው በእጃቸው ላይ ይወርዳል፣ የምታፈሰው ዐርዋ፣ ያን ዐረፍተ ነገር የጻፈች ዐርዋ፣ ከፊታቸው ጎንበስ ብላለች፣ እነሱ ደግሞ ለአቴንስ ሴቶች ያዝናሉ።  ዐይኔን ወደ መግቢያው በር ስመልስ ነው ባቢከርን ያየሁት።

መቼ እንደገቡ አላውቅም። ከኋላ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው። የሚያዩት ጆጉን ነበር። አልተቆጡም፤ ፊታቸው ላይ የነበረው የደረሰበትን አስቀድሞ ያውቅ የነበረ ሰው ድካም ነው። አለቀ አልኩ በልቤ። ዐርዋም ቀና ስትል አየቻቸው። 

ገመቺስ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። "በመሆኑም ከጥንታዊት ግሪክ በተለየ ሁኔታ፣ በአዲሱ ሚሊኒየም የክልላችን ሴቶች ከጓዳ ወጥተው፣ ሙሉ በሙሉ የትምህርት ባለቤት ሆነዋል..."

"አልጻፍኩም።"

ድምፁ ትንሽ ነበር። ግን ጎርነን ባለው የገመቺስ ንባብ መካከል ገብቶ ሁሉንም አስቆመው። ዐርዋ ጆጉን እንደያዘች ወደ ማይክራፎኑ ዞራለች።

"ይኼን እኔ አልጻፍኩም፣" አለች ደግማ።

"እንዴ! እንዴ!" አቶ ዲንሳ ከወንበራቸው ተነሱ። ገመቺስ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ። ማይክራፎኑ ባዶውን ቀረ፤ እሷ ግን አልሄደችበትም። ከቆመችበት ተናገረች።

"እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነው። አንድ እንስራ አለ፤ የውሃ። ሴት ተስሎበታል። ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ያነባል።" አንዱ በአማርኛዋ ሳቀ። እሷ ሰማችው፤ አንገቷ ቀላ፤ ቀጠለች። "ያንን እንስራ የምትሸከም ሌላ ሴት ናት። ምናልባት ማንበብ አትችልም። ግን ምንጭ ስትሄድ ታየዋለች። ስትቀዳም ታየዋለች። የምታነብ ሴት ትሸከማለች፤ ራሷ ግን አታነብም። እኔ፣ አንድ ቀን ታነባለች ብዬ ነው የጻፍኩት። 'ሆነዋል' አላልኩም። ስላልሆነ።"

 አፎች ማኘክ አቁመዋል።  አሁን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ተነስቶ "ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ" ቢላት ያን አዳራሽ ይቅር እለው ነበር።

አቶ ዲንሳ ማይክራፎኑን ያዙ። "እ... በጣም እናመሰግናለን! ደማቅ ጭብጨባ!" ጭብጨባውም ደመቀ። ምን እንዳለች የሰማ ሰው እንዲያ አያጨበጭብም።

ክቡር እንግዳው ግን ማጨብጨብ አልቻሉም፤ እጃቸው በሳሙና እንደተለወሰ ነው። ጣቶቻቸውን አራገፉ፤ አረፋው የዐርዋ ቀሚስ ላይ አረፈ።

"ጎበዝ ነሽ፣" አሏት። "በይ አሁን አፍስሺልኝ፣ ሳሙናው ደረቀብኝ።"

በሕይወቴ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያ የተዘረጉ ሁለት ወፍራም እጆች ግን አላየሁም። ሰውየው ክፋት አላሰበም፤ የሚያንገፈግፈውም እሱ ነው። ዐርዋ ደርቃ ቆመች፤ አላፈሰችም፣ አላስቀመጠችም።

ከኋላ የዱላ ኳኳታ ተሰማ። ባቢከር በመካከሉ መተላለፊያ እየመጡ ነው። ሰው ሁሉ ተቆጥተው ሊወስዷት ነው አለ፤ እኔም እንደዚያው። ከልጃቸው ፊት ሲደርሱ ዱላውን ጠረጴዛው ላይ፣ በሥጋው ሳህንና በክቡር እንግዳው መነጽር መካከል፣ አጋደሙ። ጆጉን ከእጇ ወሰዱ። ሳህኑንም ወሰዱ። ከዚያ ያ ሽበት የወረሰው ሽማግሌ፣ ልጃቸው ሊሆን ከሚችል ሰው ፊት ዝቅ አሉ።

"ታጠብ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ፣" አሉ።

አዳራሹ በሙሉ "ኧረ!" አለ። ክቡር እንግዳው ወንበራቸውን ገፍተው ብድግ አሉ። "ኧረ በፈጠረዎት! ኧረ አባቴ፣ ነውር ነው! ይተው!" ጆጉን ሊቀበሏቸው እጃቸውን ሰደዱ፤ በሳሙና የተለወሰ እጅ ግን ምን ይይዛል? አዳለጣቸው። ባቢከር ማፍሰስ ጀመሩ። ሰውየው እጃቸውን ቢሰበስቡ ውሃው የሽማግሌው እግር ላይ ሊወርድ ነው፤ ቢዘረጉ ሽማግሌ አስታጠባቸው ሊባል ነው። ዘረጉ። ፊታቸው ደም መሰለ።

"አፈርኩ፣ አባቴ። ልጅቷ... ልጅቷ ታፍስ እንጂ..."

"ዐርዋ አይችልም፣" አሉ ባቢከር ዝግ ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "ዐርዋ ትምህርት ላይ ነው።"

ጆጉ እስኪደርቅ አፈሰሱ። በየጠረጴዛው እጃቸውን ዘርግተው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ እጃቸውን ከጠረጴዛ በታች ደበቁ። ባቢከር ባዶውን ጆግና ምራቅ የተንሳፈፈበትን ሳህን ለአቶ ዲንሳ አቀበሉ፤ አቶ ዲንሳም ተቀበሉ፤ ከሽማግሌ እጅ የተሰጠ ነገር አልቀበልም አይባልማ። እንደያዙት ቀሩ፤ የወረቀት አበባቸው ሳህኑ ውስጥ ወደቀ።

እኔ ከወጥ ቤቱ በር ተነስቼ ዐርዋ አጠገብ ደርሻለሁ። ባቢከር ዱላቸውን አንስተው ወደኔ ዞሩ። ስለ ውላችን ምን እንደሚሉ ፈራሁ፤ ሁለቱም ሆኗልና። ኢብሪቅ ይዛ አይተዋታል። ስትናገርም ሰምተዋታል።

"ኡስታዛ፣" አሉኝ፣ "ያየሁት የነሱ ነው። የሰማሁት ግን የኔ ነው። መስከረም ይገባል።"

ዐርዋ ፎጣውን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ላይ ጣለችው። እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች ቀድማን ወጣች።